የ57 የእድር አባላት ስልክ ወደ አንድ ቁጥር ተቀየረ፦ 2147483647 ምን ዓይነት ቁጥር ነው?

የእድሩ ጸሐፊ (ጅማ፣ ሂርማታ)፦

ጤና ይስጥልኝ። በሂርማታ አካባቢ የሚገኝ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ፤ የዕለት እንጀራዬ ደግሞ በአንድ የቡና መጋዘን ሒሳብ መያዝ ነው። ከአራት ወር በፊት የ412 አባሎቻችንን ዝርዝር ከመዝገብ ደብተር ወደ ኮምፒውተር አዛውረን ነበር። ፕሮግራሙን የሠራልን አንድ ወጣት ሲሆን፣ ሐዘን ሲደርስ ጥሩምባ ከመነፋቱ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ አባል አጭር የስልክ መልእክት እንዲደርሰው ታስቦ ነው። ባለፈው ሳምንት የአንድ አባላችን እናት አርፈው መልእክቱ ተላከ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ከቀብሩ ቀረ። የቀሩት «ማን ነገረንና ነው ቅጣት የምንከፍለው?» ብለው ሲቆጡ ዝርዝሩን ከፍቼ አየሁት። የ57 አባላት ስልክ፣ አንድም አኃዝ ሳይለያይ፣ 2147483647 ተብሎ ተመዝግቧል። የሌሎቹም ቢሆን መነሻው ዜሮ ጠፍቷል፤ እሱን ግን በግምት መሙላት ይቻላል።

ወጣቱ «ቫይረስ ይሆናል» አለኝ፤ እኔ አላመንኩትም፤ ቫይረስ ይህን ያህል ጨዋ ሆኖ ሁሉንም በአንድ ቁጥር አይተካም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ቁጥሩን አይታ «አባዬ፣ ይህ እኮ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት የሆነ ቦታ ማንበቧን እንጂ ምክንያቱን አላስረዳችኝም። በመጋዘኑ ባለ 12 አኃዝ ካልኩሌተር ሦስት ማታ ሳካፍል አመሸሁ። ለ7 ሳካፍለው 306783378 ደርሶ ትርፍ ይመጣል፤ መልሼ በ7 ሳባዛው 2147483646 ይሆናል፤ ስለዚህ ቀሪው 1 ነው። ለ3 ሳካፍለው ቀሪው 1 ነው። ለ9ም 1፣ ለ11ም 1፣ ለ31ም 1። ለ5 ሲሆን ግን 2፣ ለ13 ሲሆን 10 ይቀራል። ይህ የ1 መደጋገም እንቅልፍ ነሣኝ።

ቁጥሩ ከየት መጣ? እውነት ብቸኛ ከሆነስ፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሳያካፍል ይህን እንዴት ሊያውቅ ይችላል? ያቺ 1 ስለ ምን ትደጋገማለች? በማስተዋል የሚመልስልኝ ካለ አመሰግናለሁ።

ፕሮግራመር (ጅማ፣ ቂቶ)፦

ጋሼ፣ ቫይረስ አይደለም፤ የሠራተኛው ስሕተት ነው፤ በእኛ ሙያ የታወቀ ስሕተት ስለሆነም ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ ሠርተነዋል። ስልክ ቁጥር ጽሑፍ ሆኖ መቀመጥ ሲገባው እንደሚደመርና እንደሚቀነስ ቁጥር ተቀምጧል። ብዙ የመረጃ ቋቶች ለአንድ ሙሉ ቁጥር 32 ቢት ይመድባሉ፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 ብቻ የሚይዝ ቦታ ነው። ከ32ቱ አንዱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት መያዣ ሲሆን 31ዱ ለቁጥሩ ይቀራሉ። ሠላሳ አንዱም ቦታ 1 ሲሞላ የሚገኘው ትልቁ ቁጥር 2 በራሱ 31 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት ነው፤ ይኸውም 2147483648 ሲቀነስ 1፣ ማለትም 2147483647።

አሁን የእርስዎን ዝርዝር ይመልከቱ። በ09 ወይም በ07 ጀምረው የተጻፉት ስልኮች ዜሮው ሲወድቅ ዘጠኝ አኃዝ ይሆናሉ፤ ዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ቢደርሱ እንኳ ከጣሪያው በታች ናቸውና ገቡ። 57ቱ ግን በ251 ተጀምረው የተጻፉ መሆን አለባቸው። 251 ሲቀድም ቁጥሩ ከ251 ቢሊዮን ይበልጣል፤ ጣሪያው ደግሞ ሁለት ቢሊዮን ከምናምን ነው። እንደ ማይኤስኪውኤል ያሉ ቋቶች በቀድሞው ልል አሠራራቸው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣባቸው አልቀበልም ብለው በመመለስ ፈንታ ጣሪያውን ጽፈው ያልፋሉ። አንድ ኩንታል በሚይዝ ጆንያ ውስጥ ሁለት ኩንታል ቡና ለመጨመር እንደ መሞከር ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የፈሰሰው ቡና መሬት ላይ እንኳ አለመገኘቱ ነው። የ57ቱን ቁጥር ከኮምፒውተሩ መልሶ ማውጣት አይቻልም። የወረቀቱን መዝገብ አልጣሉትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ብቸኛነቱ ለሒሳብ ሰዎች ልተው።

ተማሪ ነኝ፦

ይቅርታ፣ እኔ ግን ብቸኛ አይመስለኝም። አኃዞቹን ስንደምራቸው 2+1+4+7+4+8+3+6+4+7 = 46 ይሆናል። 46 ደግሞ ለ23 ይካፈላል። ስለዚህ ቁጥሩ ለ23 ሊካፈል ይገባዋል።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦

ልጄ፣ መሞከርህ ደስ ይላል፤ ነገር ግን አኃዝ ደምሮ መመርመር ለ3 እና ለ9 ብቻ የሚሠራ ዘዴ ነው። ይህም የሆነው 10፣ 100፣ 1000 ሁሉ ለ9 ሲካፈሉ 1 ስለሚቀራቸው ነው፤ ለ23 ሲካፈሉ ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የላቸውም። 23ን በ93368854 ብታባዛ 2147483642 ታገኛለህ፤ 5 ይቀራል። የአኃዞቹ ድምር ጥቅሙ ሌላ ነው፤ 46 ለ9 ሲካፈል 1 ይቀረዋል፤ ጸሐፊያችን ለ9 አካፍለው 1 ማግኘታቸው ትክክል መሆኑን በዚህ ማረጋገጥ ይቻላል።

አቶ ጸሐፊ፣ ጥያቄዎን ከመጨረሻው ልጀምር፤ ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነውና። ከቁጥርዎ ላይ 1 ቢቀንሱ 2147483646 ያገኛሉ። ይህ ቁጥር የ2 እና የ1073741823 ብዜት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ 2 በራሱ 30 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት የሚገኘው ነው። 30 ለ2፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10 እና ለ15 የሚካፈል ለጋስ ቁጥር ስለሆነ በእርሱ ላይ የቆመው ቁጥርም አካፋይ አያጣም። ሙሉው ዝርዝር እነሆ፦ 2147483646 = 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331። እርስዎ 1 የቀራቸው ያሏቸው 3፣ 7፣ 9፣ 11 እና 31 ሁሉ እዚህ ውስጥ አሉ። 5 እና 13 የሉም፤ ስለዚህም ሌላ ቀሪ ሰጡዎት። ለ151 ወይም ለ331 ቢያካፍሉም ያቺኑ 1 ያገኛሉ። ሦስት ማታ ሲያካፍሉ የደረሱበት የጎረቤቱን ቁጥር ምሥጢር ነበር፤ የጎረቤትየው አካፋዮች ደግሞ ለእርስዎ ቁጥር መቼም አካፋይ ሊሆኑ አይችሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ቢያንስ አንዱ አካፋዩ በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ አይበልጥም። 46340 በራሱ ሲባዛ 2147395600 ይሆናል፤ 46341 በራሱ ሲባዛ ግን 2147488281 ሆኖ ያልፈዋል። ስለዚህ ከ46340 በላይ ፍለጋ አያስፈልግም። ይህም ቢሆን ከዚያ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 4792 ናቸው፤ በካልኩሌተር ለሚሠራ ሰው ከባድ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብልኃቱ የሚመጣው። የ2ን ርቢዎች፣ ማለትም 2 በራሱ እየተባዛ የሚገኙትን ቁጥሮች፣ ለ7 እያካፈልን ቀሪያቸውን እንጻፍ፦ 2 ራሱ 2፣ 4 ራሱ 4፣ 8 ሲካፈል 1፣ 16 ሲካፈል 2፣ 32 ሲካፈል 4፣ 64 ሲካፈል 1። 2፣ 4፣ 1 እያለ በየሦስቱ ይዞራል። ለማንኛውም ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር ብናካፍል ቀሪዎቹ እንዲህ እየዞሩ 1 ላይ ይመለሳሉ፤ ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ደግሞ አካፋዩ ብቸኛ ከሆነ ከአካፋዩ በ1 የሚያንሰው ርቢ ላይ ሁልጊዜ 1 እንደሚገኝ አስተዋለ። ለ7 ሲሆን 6ኛው ርቢ 64 ነው፤ ቀሪው 1፣ ትክክል ነው። እንግዲህ አንድ ብቸኛ ቁጥር የእርስዎን 2147483647 ያካፍላል እንበል። ያ ማለት 31ኛው የ2 ርቢ በእርሱ ሲካፈል 1 ይቀረዋል ማለት ነው። ስለዚህ የዙሩ ርዝመት 31ን ማካፈል አለበት፤ 31 ራሱ ብቸኛ በመሆኑ ርዝመቱ ወይ 1 ነው ወይ 31። 1 ሊሆን አይችልም፤ 2 ለዚያ ቁጥር ሲካፈል 1 ይቀረዋል ማለት ይሆናልና፣ ይህ ደግሞ የማይሆን ነው። ርዝመቱ 31 ከሆነ፣ በፌርማ ሕግ መሠረት፣ ከአካፋዩ በ1 የሚያንሰው ቁጥር የ31 ብዜት መሆን አለበት፤ አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነም የ62 ብዜት ይሆናል። በሌላ አነጋገር አካፋዩ የ62 ብዜት ላይ 1 የተጨመረበት ነው፤ ሌላው ሁሉ ሳይሞከር ይወድቃል።

ሕጉ እውነት መሆኑን በትንሽ ቁጥር ይፈትኑት። 2 በራሱ 11 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ 2047 ይሆናል፤ ይህ ብቸኛ አይደለም፤ 23 × 89 ነው። 23 የ22 ብዜት ሲደመር 1፣ 89 ደግሞ 88 ሲደመር 1፤ ሁለቱም የ22 ልጆች ናቸው። ከዚሁ ጋር 31 ብቸኛ መሆኑ ብቻውን ቁጥርዎን ብቸኛ እንደማያደርገው ልብ ይበሉ፤ 11ም ብቸኛ ነበር።

አንድ ተጨማሪ ማጣሪያ አለ። 32ኛው የ2 ርቢ በዚያ አካፋይ ሲካፈል 2 ይቀረዋል፤ 32ኛው ርቢ ደግሞ 16ኛው ርቢ በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። 2 በዚህ መንገድ እንደ «ካሬ» ሊታይ የሚችለው ለ8 ሲካፈሉ 1 ወይም 7 በሚቀራቸው ብቸኛ ቁጥሮች ዘንድ ብቻ ነው። ሁለቱን ማጣሪያዎች አንድ ላይ ስናደርግ አካፋይ ሊሆን የሚችለው የ248 ብዜት ሲደመር 1፣ ወይም የ248 ብዜት ሲደመር 63 ሆኖ ይገኛል። እስከ 46340 ድረስ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች፣ ብቸኛ ያልሆነውን 63ን ስናወጣ፣ 372 ብቻ ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ብቸኛ ስላልሆኑ ይወጣሉ።

ይህን ያደረገው ስዊዘርላንዳዊው ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። በሴንት ፒተርስበርግ ሳለ፣ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ፣ በ1772 እ.ኤ.አ. ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን አስታወቀ። እርስዎ በካልኩሌተር ሦስት ማታ የታገሉትን እርሱ ያለ ዓይን ጨርሶታል፤ ይህን የምለው እርስዎን ለማሳነስ ሳይሆን እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደ እርስዎ ለ7፣ ለ11 እያልኩ ስለጀመርኩ ነው።

ፕሮግራመር (ጅማ፣ ቂቶ)፦

መምህር፣ እድሜ ይስጥልን። አንድ ነገር ልጨምር። ለኮምፒውተር ይህ ብቸኛነት እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው። ባለ 8 ቢቱ ጣሪያ 127 ብቸኛ ነው፤ ባለ 16 ቢቱ 32767 ግን 7 × 31 × 151 ነው፤ ባለ 32 ቢቱ የጋሼ ቁጥር ብቸኛ ነው፤ ባለ 64 ቢቱ 9223372036854775807 ደግሞ ለ7 እንኳ ሁለት ጊዜ ይካፈላል። መሐንዲሶቹ 32ን የመረጡት 8ን እጥፍ እያደረጉ በመሄዳቸው እንጂ ስለ ኦይለር አስበው አይደለም።

ለእድሩ ሌላ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ብዙ የቆዩ ፕሮግራሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፈውን ሰኮንድ በዚሁ 32 ቢት ውስጥ እየጨመሩ ነው። ሰኮንዶቹ 2147483647 የሚሞሉት ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰኮንድ ላይ ነው። አዎ፣ የጥምቀት ዕለት ማለዳ፤ ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ገና ሳይመለሱ። ከዚያች ሰኮንድ በኋላ ያልታረመ ማሽን ቀኑን ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይመልሰዋል፤ ጅማ በዳግማዊ አባ ጅፋር ሥር ወደ ነበረችበት ዘመን ማለት ነው። የእድራችሁ ፕሮግራም የወርኃዊ መዋጮ ቀን የሚይዘው እንዴት እንደሆነ ወጣቱን ይጠይቁት።

ተማሪ ነኝ፦

መምህር፣ አመሰግናለሁ። 372 ጊዜ ማካፈልም ቢሆን ብዙ ነው። ከዚያ ያነሰ መንገድ የለም? ደግሞስ ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ይታወቃል?

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦

አለ። ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ በ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮት አሜሪካዊው ሌመር ያጠራው ፈተና ነው። ከ4 ትጀምራለህ፤ ያለህን ቁጥር በራሱ አባዝተህ 2 ትቀንሳለህ፤ የምትመረምረው ቁጥር ላይ አካፍለህ ቀሪውን ብቻ ትይዛለህ፤ ይህን ትደጋግማለህ። ለ31 እንሞክረው፤ 31 ማለት 2 በራሱ 5 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ ነው። 4 በራሱ 16፣ ሲቀነስ 2፣ 14። 14 በራሱ 196፣ ሲቀነስ 2፣ 194፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8። 8 በራሱ 64፣ ሲቀነስ 2፣ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 0። ከ5 በ2 ያነሰ፣ ማለትም በ3ኛው እርምጃ ዜሮ ላይ ስለደረሰ 31 ብቸኛ ነው። ለጸሐፊያችን ቁጥር እርምጃው 29 ብቻ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እርምጃ አሥር አኃዝ በአሥር አኃዝ ማባዛት ስለሚጠይቅ ባለ 12 አኃዙ ካልኩሌተር አይችለውም፤ ወረቀትና ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሉካስ በ1876 እ.ኤ.አ. 127ኛውን የ2 ርቢ ሲቀነስ 1 ብቸኛ መሆኑን አሳየ፤ 39 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ዛሬ የሚታወቀው ትልቁ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. የተገለጸው ሲሆን አርቢው፣ ማለትም 1 ከመቀነሱ በፊት 2 በራሱ የሚባዛበት ብዛት፣ 136279841 ነው፤ ቁጥሩም 41024320 አኃዝ አለው።

ሰው ግን ሁልጊዜ በልኩ አይናገርም። ከኦይለር ቁጥር 2305843008139952128 የሚባል ፍጹም ቁጥር ይገኛል፤ ፍጹም የተባለው ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን ስለሚሰጡ ነው፤ እንደ 6፣ እሱም 1+2+3 እንደሆነ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 እ.ኤ.አ. ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ወደፊትም እንደማይገኝ ጽፎ ነበር፤ ለጉጉት እንጂ ለጥቅም የማይሆን ነገር ማን ይለፋበታል ብሎ። ከእርሱ በፊትም ፈረንሳዊው መነኩሴ መርሴን ብቸኛ ቁጥር ይሰጣሉ ብሎ በ1644 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአርቢዎች ዝርዝር ውስጥ 31ን በትክክል ቢያስገባም 67ንም አብሮ አስገብቶ ተሳስቷል፤ ይህ የታረመው እጅግ ቆይቶ ነው።

2147483647ን ራሱን አርቢ ብናደርገውስ ብለህ እንዳትጠይቀኝ እኔው ልመልስ፦ 2 ያን ያህል ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ አይደለም፤ 295257526626031 ያካፍለዋል። ከአካፋዩ 1 ቀንሰህ ለ4294967294 ብታካፍለው 68745 በትክክል ታገኛለህ፤ 4294967294 ደግሞ የአርቢው እጥፍ ነው። የ62ቱ ሕግ እዚያም ይሠራል ማለት ነው።

የእድሩ ጸሐፊ (ጅማ፣ ሂርማታ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወረቀቱ መዝገብ አለ፤ ሽፋኑን ዝናብ ነክቶት የተጣበቁ ገጾች ቢኖሩትም ከ57ቱ የ49ኙን ስልክ አግኝቻለሁ፤ ሁሉም በ251 የተጻፉ ናቸው፤ ፕሮግራመሩ እንዳለው። የቀሩትን ስምንቱን ቤታቸው ሄጄ እጠይቃለሁ። የእነዚህን ሰዎች ቅጣት ሊቀመንበሩ አንሥተውላቸዋል። ወጣቱም የስልኩን ቦታ ወደ ጽሑፍ ለውጦታል፤ የጥር 11ኛውን ነገር ስነግረው ግን መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

ከልጄ ጋር የመምህሩን መንገድ ጀምረነዋል። 249 የ3 ብዜት ነውና ዘለልነው። 311 ብቸኛ ነው፤ ለእርሱ ስናካፍል 6905092 ደርሶ 35 ቀረ። ከዚያ 497፣ 559፣ 745፣ 807፣ 993፣ 1055 እና 1241 ሁሉም ወደቁ። 1303 ላይ 226 ቀረ፤ 1489 ላይ 199። ልጄ «46340 እስክንደርስ ጥምቀት ይደርሳል» አለችኝ፤ የትኛው ጥምቀት እንደሆነ አልነገረችኝም።